ከአንገት የተጀመረው ምርመራ

ጥቅምት ፬ ቀን

ለውድ መምህሬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእትዬ ጉልበትስ ተሻለ? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ። መጀመሪያ ይቅርታ ልለምንዎ። የሰኔው ደብዳቤዎ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ ሲመለከተኝ ሦስት ወር አለፈው። እንዳልደውልልዎ ደግሞ የጆሮዎን ነገር ያውቁታል፤ ባለፈው «እኔ ነኝ ጋሼ!» ስል ፎቁ በሙሉ ሰምቶኛል፣ ከእርስዎ በቀር።

ለጠየቁኝ ሁሉ ልመልስ። ሚዛናችን ያው አሮጌው ነው፤ ጉበት ሲጫንበት ሃያ ግራም ይሰርቃል። ከማቀዝቀዣው ስድስት መሳቢያዎች የሚበርዱት አራቱ ብቻ ናቸው። ሻምበልም አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስከሬን ሲከፍትና ሲሰፋ ኖሮ፣ የጦር ሠፈር በር ሳይረግጥ ሻምበል እንደተባለ ጡረታ ሊወጣ ነው። «ቢላዎቹን አሁንም የምስላቸው እኔ ነኝ በይልኝ» ብሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ከፍርድ ቤት ያወጣችውን የአስከሬን ምርመራ ውጤት ግልባጭ ይዛለች። የእናቷ ነው። ሴትየዋ የሞተችው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ነው፤ ባሏ አናጢው አንቆ ገድሏታል ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ልጅቷን ያሳደጓት አጎቶቿ፣ የእናቷ ወንድሞች ናቸው። በስምንት ዓመቷ ችሎት ፊት ቆማ «ጠዋት ተጣልተው ነበር» ብላ የመሰከረችበት እሷ ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ አባቷን ዓይኑን አይታው አታውቅም።

ዘንድሮ ከእስር ቤቱ ክሊኒክ ተደወለላት። ኩላሊቱ ደክሟል፣ ሌላ ዘመድ የለውም። እግሯን እየጎተተች ሄደች። በሽቦው በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ «እናትሽን ያን ሰሞን ራሷን እንዴት ያማት እንደነበር ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አላት። እናቷ ግንባሯን በመሐረብ ጠፍራ፣ መጋረጃውን ዘግታ ትተኛ ነበር።

«ዶክተር፣ እዚህ ላይ ‹ጭንቅላት፦ አልተከፈተም› ይላል» አለችኝ በጣቷ እያሳየች። «ለምንድን ነው ያልተከፈተው?»

የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የሪፖርቱ ፊርማ የእርስዎ ነው ጋሼ። ያስታውሱታል?

ተማሪዎ


ጥቅምት ፲፱ ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ እትዬሽ መነጽሬን ፈልጋ እስክታመጣልኝ እንኳ አልታገሥኩም፤ ከወረቀቱ ጋር ግንባር ለግንባር ገጥሜ አነበብኩት። ጉልበቷ እንዳለ ነው። እኔ ደግሞ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ቢመስልሽ አትፍረጂብኝ። ስንቱን ሲከፍት የኖረ እጅ ብርቱካን መላጥ አቃተው። ሚዛኑ ሃያ ግራም መስረቁን እኔም አውቅ ነበር። እየጨመርኩ እጽፍ ነበር እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

ስለ መዝገቡ። አሥራ አራት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። ያኔ አንድ ጠረጴዛ ነበረን፤ በሳምንት አሥራ አምስት አስከሬን ይመጣል፤ ፖሊሱ ራስጌ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሁሉን ላስታውስ አልችልም። የአንገቷ ጡንቻ ውስጥ ደም ነበረ፤ በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ጭንቅላት መክፈት በዚያ ዘመን እንደ ቅንጦት ነበር።

ልጅቷን አጽናኛት። እናቷን ያጣች ልጅ አባቷ ደግሞ ሊሞትባት ሲል የምትይዘው ቢጠፋት ነው ወረቀት የያዘችው። ክፉ አትናገሪያት፤ ተስፋም አትስጫት። የቆየ መዝገብ መጎርጎር ለማንም አይበጅም።

ስለ ልጆችሽ ምንም አልጻፍሽልኝም። ትልቋ ትምህርት ቤት ገባች?

መምህርሽ


ኅዳር ፭ ቀን

ለመምህሬ፣

ትልቋ ገብታለች። የመጀመሪያ ቀን ቀሚሴን ይዛ አለቀሰች፤ በሁለተኛው ቀን ዞር ብላም አላየችኝ። እጅዎን የነርቭ ሐኪም ቢያይልዎ ደስ ይለኛል፤ እባክዎ ችላ አይበሉት።

መዝገቡን ስላላስታወሱት እኔ ላስታውስዎ። ከምድር ቤት አስወጥቼ አነበብኩት። ሴትየዋ የተገኘችው ግቢው ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ በሆዷ ተዘርግታ፣ ጭንቅላቷ ከደረጃው ወደ ታች ተንጠልጥሎ። ባሏ ጠዋት ወደ ሥራው ወጥቷል፤ ያገኟት ከቀትር በኋላ ነው። ቆዳዋ ላይ የጣት ምልክት የለም። የምላሷ ሥር አጥንት አልተሰበረም። እርስዎ «በለስላሳ ነገር ታንቃ» ብለው ጽፈዋል። የምርመራው ቅደም ተከተልም በእጅ ጽሑፍዎ ሰፍሯል፤ መጀመሪያ አንገት፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ሆድ። ጭንቅላት የለም።

ልጅቷ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በሦስተኛው ዳር ዳር ማለት ሰለቸኝና አስቀምጬ አስረዳኋት።

«ሰው ሲሞት ደሙ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይወርዳል» አልኳት። «እናትሽ ጭንቅላቷ ዝቅ ብሎ ብዙ ሰዓት ስለቆየች ደሙ ፊቷና አንገቷ ላይ ተጠራቅሟል። ደም የሞላ ቀጭን ሥር ላይ ቢላ ሲያርፍ ደሙ ይፈስና ጡንቻው ውስጥ ይሰርጋል። ከዚያ ለሚያየው ሰው ታንቃ የደማች ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው መጀመሪያ የራስ ቅል ተከፍቶ አንጎል የሚወጣው። ቀጥሎ ደረት ይከፈታል፤ ልብና ሳንባ ይወጣሉ። ደሙ ከላይም ከታችም ይንጠፈጠፋል። አንገት የሚነካው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ከደረቀ በኋላ፣ ጡንቻው አንድ በአንድ እየተገለጠ።»

«የእናቴስ?»

«የእናትሽ አንገት መጀመሪያ ነው የተከፈተው።»

ወረቀቷን አጥፋ መልሳ ዘረጋችው። «ስለዚህ ያን ደም ያመጣው ቢላው ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል።»

ከዚያ በላይ ልላት አልቻልኩም። ከዚያ በላይ የማለት መብት ያለው አንድ ሰው ነው። ጋሼ፣ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በመጀመሪያው ዓመቴ ቸኩዬ ቢላዬን አንገት ላይ ላሳርፍ ስል እጄን ቀጥ አድርገው ይዘው «ደሙ ሳይንጠፈጠፍ አንገት የሚነካ ሰው የገዛ ቢላውን ምልክት አይቶ ሌላ ሰው ያሰቅላል» ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

በነጻ የሚቆምላት ጠበቃ አግኝታለች። ይግባኙ ጥር ፳ ቀን ይሰማል። የእኔን አስተያየት ዐቃቤ ሕጉ «በቦታው ያልነበረ ሰው ግምት» ብሎ ያጣጥለዋል፤ የእርስዎን ቃል ግን ማንም አያጣጥለውም። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ በምን ቅደም ተከተል እንደሠሩና ዛሬ ቢሆን ምን እንደሚሉ። ይጽፉልኛል?

ተማሪዎ


ኅዳር ፳፪ ቀን

ዶክተር፣

«ሁለት ገጽ ይበቃል» ትያለሽ። አርባ ዓመት የተገነባ ስም ለማፍረስ በእርግጥ ሁለት ገጽ ይበቃል።

አንቺን እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ማን አቆመሽ? «ሴት ልጅ ሬሳ ቤት ምን ትሠራለች» ሲሉ አፋቸውን ያስያዝኩልሽ እኔ ነኝ። ውለታ መቁጠር አልወድም፤ ዛሬ ግን ቆጠርኩ። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርሽም። የወንድሞቿን ጩኸት አልሰማሽም። ባልና ሚስቱ ሲጣሉ ይሰማ እንደነበር ጎረቤቱ ሁሉ መስክሯል። ፍርድ ቤት የፈረደውን ጉዳይ አንዲት ፎቶ ኮፒ አንሺ ስላለቀሰች ቆፍሬ ላወጣልሽ?

ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

ከታች፦ እትዬሽ አንብባው «አትላከው» ብላኝ ነበር። ልኬዋለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።


ታኅሣሥ ፲፬ ቀን

ለመምህሬ፣

እንዳልጽፍልዎ ነግረውኛል። ሁለት ሳምንት አፌን ይዤ ከረምኩ፤ አልሆነልኝም። ውለታዎን አልካድኩም፣ ዕድሜዬን ሙሉ አልክድም። ይህን ካነበቡ በኋላ ባይመልሱልኝም አልቀየምዎትም።

ባለፈው እሑድ ከልጅቷ ጋር እስር ቤት ሄድኩ። አናጢው ገና ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሰባ ሰው ይመስላል። እግሮቹ አብጠዋል። የተቀመጠበት ወንበር አንዱ እግሩ ይወዛወዝ ነበር፤ እያወራን በእጁ ሲዳብሰው ቆየና «ይሄን የሠራው ሰው ቸኩሎ ነበር» አለኝ፤ ፈገግም አለ። ልጅቷ ሳቀች። አብረው ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ያኔ የመረመራት ሐኪም በሕይወት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለ።»

«ትወጂዋለሽ መሰለኝ። ስለሱ ስትናገሪ ድምፅሽ ዝቅ ይላል።»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። «መጀመሪያ ሰሞን ሰውን ሁሉ እጠላ ነበር። በኋላ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። የተማረ ሰው በመሐላ ‹ታንቃለች› ካለ፣ ምናልባት ሳላውቀው ይሆን እላለሁ። እነዚህን እጆቼን እያየሁ ቁጭ እል ነበር፤ ዶክተር፣ ዓመት ሙሉ። ‹እናንተ ናችሁ?› እያልኩ።»

ልጅቷ ተነሥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አገኘኋት።

አሁን የማልፈልገውን ልጻፍ። ሰኞ ዕለት ለሻምበል ነገሩን አጫወትኩት። ቢላ እየሳለ ነበር፤ አቆመ። «ስለዚያች ሴት ጋሼም ጠይቆኝ ነበር» አለኝ። መቼ ስለው፣ ከባሕር ማዶው የሐኪሞች ጉባኤ የተመለሱ ጊዜ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አለኝ። አላመንኩትም። ወደ መዝገብ ቤቱ ወርጄ የመውሰጃ ካርዱን አየሁ። ፊርማዎ አለ። ወስደው በማግስቱ መልሰውታል። ሻምበል እንደሚለው በሚቀጥለው ሰኞ ግድግዳው ላይ «አንገት በመጨረሻ» የሚለውን ወረቀት ለጠፉ። እኔ ስቀጠር ያ ወረቀት ዳርና ዳሩ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ከእርስዎ ጋር የተወለደ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?


ታኅሣሥ ፴ ቀን

ልጄ፣

አዎ። አውቅ ነበር።

ይህን ለመጻፍ ስድስት ወረቀት ቀደድኩ። ያለ ሰላምታ መጀመሬን ይቅር በይኝ፤ ሰላምታ ውስጥ ከገባሁ እዚያው እንደምደበቅ አውቃለሁ። አላስታውስም ያልኩሽም ውሸት ነው።

በተገኘች ማግስት ረፋድ ላይ ነበር። ወንድሞቿ ግቢው ውስጥ ይጮኻሉ። መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ «ባልየውን ይዘነዋል፤ አንቆ ነው የገደላት፤ አረጋግጥልንና እንሂድ» ይለኛል። ታንቃለች ስለተባለች ከአንገት ጀመርኩ። ቆዳውን ስገልጠው በጡንቻዎቹ መካከል ጥቁር ደም አየሁ። «ይኸው» አልኩ። ይኸው ካልኩ በኋላ የቀረው ሁሉ ለወጉ ነበር። ሻምበል መጋዙን ይዞ «ጭንቅላቱስ?» ሲለኝ «ተወው፣ ስፋት» አልኩት። የፈለግሁትን አገኘሁና መፈለግ አቆምኩ።

ችሎት ላይ ልጅቷ ከእኔ በፊት ነበር የቆመችው። ከማጠሯ የተነሣ ከምስክር መቆሚያው በላይ ግንባሯ ብቻ ይታይ ነበር። «ጠዋት ተጣልተው ነበር» አለች። ዳኛው ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አሏት፤ ጮክ ብላ ደገመችው። በማንም ቤት የሚሆን ነገር ነው። የእኔ ቃል ባይከተለው ኖሮ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። የልጅ ወሬ የነበረውን ማስረጃ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጉባኤው ላይ ተናጋሪው አንድ የአንገት ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አበራ። ጥቁር ደም በጡንቻዎቹ መካከል። «ታንቋል የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለን። አዳራሹ ግማሹ እጁን አወጣ፤ እኔም አወጣሁ። «ይህ ሰው በሆስፒታል አልጋው ላይ በልብ ሕመም የሞተ ነው» አለ። «ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። ጭንቅላቱ ከአልጋው ወደ ታች ተንሸራቶ ቆየ፤ ሐኪሙም ከአንገት ጀመረ። ያያችሁትን ደም ያመጣው የሐኪሙ ቢላ ነው።» አዳራሹ ሳቀ። ልጄ፣ እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ሳለሁ ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ፤ ሳቄ ግን ወዲያው አልቆመም፣ ሰዉ እያየኝ ነበር።

ተመልሼ መዝገቡን ወሰድኩ። ቀኑን ሙሉ አነበብኩት። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነገርኩት፤ ዛሬ በሕይወት የለም። «አንዱን ብትከፍት ሁሉም ይከፈታል፤ እውነተኛዎቹ ነፍሰ ገዳዮችም በዚያው በር ይወጣሉ» አለኝ። ምክንያት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። የዝምታዬ ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። አፍሬ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ልሆን ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር።

ለራሴም እንዲህ አልኩት፤ ተማሪዎቼን በደንብ አስተምራለሁ፣ ከእነሱ አንዱም ይህን ስህተት አይሠራም፣ ይበቃል። አንቺን ስቆጣሽ፣ እጅሽን ስይዝሽ፣ የምይዘው የራሴን እጅ ነበር። አናጢው ግን ይህን ሁሉ ትምህርት አልተማረም። እዚያው ተቀምጦ እጆቹን ያይ ነበር።

አብሮ ያለው ወረቀት ቃሌ ነው። አምስት ገጽ ሆነ። ፈርሜ ማኅተም አስመትቻለሁ። የጠየቅሽኝን ብቻ ሳይሆን ካወቅሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝም ጽፌበታለሁ፤ ለእኔ ብለሽ ያን ክፍል እንዳታስወጪው።

እትዬሽ አታውቅም ነበር። ትናንት ነገርኳት። የያዘችውን ሻይ አስቀምጣ ወጣች። ዛሬ ምሳ አብረን በላን፤ አላወራንም።

መምህርሽ ነበርኩ


የካቲት ፲ ቀን

ለመምህሬ፣

«ነበርኩ» ያሉትን አልተቀበልኩትም። እትዬ እንዴት ናቸው? ማውራት ጀመሩ? ቶሎ ያልጻፍኩት ሁሉን አንድ ላይ ልነግርዎ ብዬ ነው፤ ከፊሉን ደግሞ መንገር ስላልፈለግሁ ነው።

የሚሻለውን ላስቀድም። ቃልዎ ችሎት ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነበበ። ዐቃቤ ሕጉ ለመከራከር ተነሥቶ ነበር፤ ዓመታቱን የጻፉበት ክፍል ጋ ሲደረስ ተቀመጠ። ፍርዱ ተሽሯል። አናጢው ባለፈው ዓርብ ተፈታ።

በሩ ላይ ነበርኩ። ልጅቷ ካፖርት ይዛ ቆማለች፤ እንዳይጠበው ብላ ትልቅ ገዝታ በጣም ሰፍቶታል። አልተቃቀፉም። ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ ብዬ አምኜ ነበር» አለችው። «እስካሁን ድረስ።»

«ያየሽውን ነው የተናገርሽው» አላት። «ተጣልተን ነበር። በመሐረቧ ነገር ነው የተጣላነው፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እምቢ አለችኝ። ትቻት ወደ ሥራ ሄድኩ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ እኔ ካልገደልኳት ምን ገደላት?»

ጋሼ፣ በይግባኙ ሁሉ አንድም ሰው ይህን አልጠየቀም። «አላውቅም» አልኩት። «ጭንቅላቷ ቢከፈት ኖሮ ምናልባት እናውቅ ነበር። ምናልባት እዚያ ውስጥ ሥር ፈንድቶ ይሆናል። አሁን የቀረው አጥንት ነው፤ አጥንት ይህን አይናገርም።»

«ገባኝ» አለ። «አልገደልክም ተባልኩ፤ ምን ሆና እንደሞተች ግን ማንም አይነግረኝም።»

አሁን ልጅቷ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ኩላሊቱን ለማሳጠብ ትወስደዋለች። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡም። ዓመት ካገኘ ጥሩ ነው ይላሉ።

መንገር ያልፈለግሁት ደግሞ ይህ ነው። ከፍርዱ በኋላ የዚያ ዘመን መዝገቦች በሙሉ እንዲታዩ ታዘዘ፤ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ከአንገት የጀመሩ ሰባት አግኝቻለሁ። አምስቱ ሌላ ማስረጃም አላቸው፤ አይናወጡም። ስድስተኛው አጠራጣሪ ነው። ሰባተኛው የአንዲት አስታማሚ ጉዳይ ነው፤ የምትጠብቃትን አሮጊት በትራስ አፍናለች ተብላ የታሰረች። መዝገቧን ይዤ እስር ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው ሞታለች። ቤተሰብ ስላልነበራት የምነግረው ሰው እንኳ አላገኘሁም። ለእርስዎ ነገርኩ።

የመጨረሻው ነገር የአናጢው መልእክት ነው፤ እንዳለ ልጻፈው። እሱን ያሰሩት ከሥራ ቦታው ነው፣ ሙጫው ከእጁ ሳይደርቅ። ሚስቱን ከሞተች በኋላ አላያትም፤ የቀበሯት ወንድሞቿ ናቸው፣ ለቀብር አልተፈቀደለትም። «ለዚያ ሐኪም ንገሪው» አለኝ። «ይቅርታውን ሰምቻለሁ፣ ያስቀምጠው። መጨረሻ ቀርቦ ያያት ሰው እሱ ነው። ፊቷ እንዴት እንደነበር ይንገረኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ተማሪዎ


የካቲት ፳፯ ቀን

ልጄ፣

እትዬሽ ታወራኛለች። ከእኔ ጋር ሳይሆን ከጎኔ ካለው ሰው ጋር የምታወራ ይመስላል፤ ግን ታወራለች። ስለ አስታማሚዋ የጻፍሽውን አነበብኩ። ምንም የምለው የለኝም። የሚባል ነገር ቢኖር ኖሮ ያኔ እሷ በሕይወት ሳለች ነበር የሚባለው። መዝገቧ ላይ አንድ ወረቀት ጨምሪልኝ፤ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ የሚናገር፣ ፊርማዬን አያይዤልሻለሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው ያነበው ይሆናል።

አናጢው ለጠየቀኝ መልስ ልሰጥ ዘጠኝ ቀን ሞከርኩ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንገቷን አየዋለሁ። በግራ በኩል ያለው ጡንቻ ላይ የነበረው ደም አራት ሴንቲሜትር ነበር፤ በቀኝ በኩል ሦስት። ቢላዬ የገባበትን ቦታ በጣቴ ላሳይሽ እችላለሁ። ከአገጯ በላይ ግን ምንም የለም። ዓይኖቿ ተከፍተው ነበር ወይስ ተከድነው? ፀጉሯ ተሠርቶ ነበር? ግንባሯ ላይ ያ መሐረብ ነበር? መሐረቡ ኖሮ ቢሆን እኔ ወይ ሻምበል ፈትተን ጥለነዋል። አላየሁትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከፊቷ በክንድ ርቀት ቆሜ አላየኋትም።

እትዬሽ «ገምተህ ንገረው» አለችኝ። «ሰላም ነበረች፣ የተኛች ትመስል ነበር በለው። ማን ያውቅብሃል? ሰውየው እየሞተ ነው።» በክፋት አይደለም፤ አንጀቷን በልቷት ነው። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ለእሱም ለእኔም የሚቀልለው ያ ነበር። ወረቀት ላይ ጽፌው ሁሉ ነበር፤ ጥሩ አድርጌ ጽፌው ነበር።

ግን ያን ሰው ያላየሁትን አየሁ ብዬ አሥራ አራት ዓመት አሳስሬዋለሁ። በሞቱ ዋዜማ ደግሞ ያላየሁትን አየሁ ልለው አልችልም።

ሐሙስ ጠዋት እሳፈራለሁ። እትዬሽ ጉልበቷ ባይፈቅድላትም አብሬህ እሄዳለሁ ብላለች። አንቺ አትቀበዪኝ፤ ከፊቱ ስቆም ተማሪዬ አጠገቤ እንድትቆም አልፈልግም፣ ደግፈሽ የያዝሽኝ ይመስላል። ለልጅቷ ብቻ ንገሪያት፤ ዓርብ ከቀትር በፊት በራቸውን አንድ ሽማግሌ ያንኳኳል በያት። ካልፈለገ እንዳትከፍትልኝ፤ ቆሜ ጠብቄ እመለሳለሁ። ከከፈተችልኝ ሚስትህን አላየኋትም እለዋለሁ፤ ከዚያ ተቀምጬ እሱ እንዴት እንደነበረች ይነግረኝ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

መምህርሽ